ባለ እጆችና ረቂቁ ሥዕል፦ ከእንጦጦ ግርጌ

ዘሪሁን የትምጌታ ስሙ የሚነሣው ከሸራ ይልቅ ከቀርከሃ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 አዲስ አበባ የተወለደው ይህ ሠዓሊ ከሸማኔ ዕቃ የተገኙ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን ይደረድራል፣ ያያይዛል፣ ከዚያ በላያቸው ይሥላል። ከራቅ ብሎ ለሚያየው ሥራው ቀለማም መስመሮች ብቻ ናቸው። ቀረብ ሲሉ ግን ዓይኖች ብቅ ይላሉ፤ ጭምብል የመሰሉ ፊቶች፣ የግዕዝ ፊደላት፣ ክታብ ላይ የሚታዩት ዓይነት ኮከቦች እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ስንጥቁ ከስንጥቁ ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም ሥዕሉ በየመስመሩ ይቋረጣል፤ ቋሚ የሆነ አንድ ምስል አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1988 ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ ስሙ ራሱ በአስማት ጥበብ ላይ የተደረገ ምርምር መሆኑን ይናገራል። በዓመቱ ከግርማይ ሕይወትና ከወርቁ ጎሹ ጋር በዙሪክ ታየ፤ በ1992 ደግሞ በዳካር ቢየናሌ ተሸለመ።

ስለ እንዲህ ያለ ሥራ ሲጻፍ ሠዓሊው በስም ይነሣል፤ ቀርከሃው በመግለጫው ግርጌ በአንድ ቃል ይታለፋል። የአዲስ አበባን ረቂቅ ሥዕል፣ አብስትራክት የምንለውን ማለት ነው፣ ከቁሱ ተነሥቶ የሚከታተል ሰው ግን የተለየ ታሪክ ያገኛል። ያ ታሪክ በለንደን፣ በፓሪስና በኮሎኝ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ብቻ አያልፍም። በሸማኔው ጉድጓድ፣ በቆዳ ፋቂው መወጠሪያ፣ ጭቃ በሚያቦካው ሰው እግር ሥርም ያልፋል። እነዚህ ባለ እጆች ደግሞ ሥራቸው እየተፈለገ እነርሱ ሲሰደቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

ከሸማኔው እንጀምር። ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ትልቅ የሸማ ገበያ አለ። የሰፈሩ ሸማኔዎች በብዛት መነሻቸው ከጋሞ ደጋ ነው፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ እየመጡ ከተማዋን ሲያለብሱ ኖረዋል። ሸማኔው ጉድጓድ ቆፍሮ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ከታች በእግሩ እየረገጠ ከላይ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያሳልፋል። ዕቃው እንጨት፣ ገመድና ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ደግሞ ለጋሞ ሰው እንግዳ አይደለም፤ በዶርዜ ቤቱ ራሱ ከቀርከሃ ተሸምኖ ነው የሚቆመው፤ ከሥሩ ምስጥ ሲበላው እየተቆረጠ፣ በየጊዜው እያጠረ፣ ለብዙ ዓመት ያገለግላል።

ከዚያ ሁሉ ሥራ በኋላ በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚቀረው ጥለት ምንድን ነው? ሰው አይሥልም፤ ዛፍና ወፍ አይሥልም። አልማዝ የመሰለ ቅርጽ፣ መስቀል፣ ሰንሰለት፣ የቀለም ድግግሞሽና ዕረፍት ብቻ ነው። ጥለት የሚለብስ ሕዝብ ረቂቅ ሥዕል ሲያይ አልገባኝም ማለቱ የሚገርም ነው፤ ዓይኑ በየእሑዱ ሲለማመደው የኖረ ነገር ነውና። ዘሪሁን ከሸማኔው ዕቃ ቀርከሃውን ሲወስድ ይህንን የዓይን ልምድ አብሮ ወስዷል ማለት ይቻላል።

ይህን ጥለት የሚሠራው ሰው ግን ክብር አልነበረውም። ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ እየተባሉ ተገልለው ኖረዋል፤ ብዙ ቦታ ከእነርሱ ጋር መጋባት ቀርቶ አብሮ መብላት ነውር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ ሰውን በሙያው መስደብን የሚያወግዝ ሲሆን አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን ብቻ አላነሣም፤ መጻፍ በመቻሉ ጠንቋይ እየተባለ የሚሰደበውንም ሰው ጨምሮ ነበር። ለሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ዐዋጅ ከማንኛውም ዐውደ ርዕይ ካታሎግ ይበልጥ የሚጠቅም ሰነድ ነው። ከስልሳ ዓመት በኋላ የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ለአዲሱ ሥዕላቸው ያነሷቸውን ቁሶች ማን ይሠራቸው እንደነበረ በአንድ ቦታ ሰብስቦ ይነግረናል።

ጸሐፊው ጠንቋይ የተባለበት ምክንያት ክታቡ ነው። ክታብ የሚጽፈው ደብተራ በመጀመሪያ ቆዳ ያሻዋል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ተወጥሮ ሥጋውና ስቡ ይፋቃል፤ ጠጉሩ ይነሣል፤ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል፤ ደርቆ ብራና ይሆናል። ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻና ከተቃጠለ ቅጠል ወይም እህል ተቀምሞ ለወራት ይቆያል። ቀዩ ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ነው። ብዕሩ መቃ፣ የቀለሙ ማስቀመጫ ቀንድ ነው። ክታቡ በታማሚው ቁመት ልክ እንዲሆን ጠባብ የብራና ቁራጮች እርስ በርስ ይሰፋሉ፤ ሰውየው ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠበቅ ነው። በጽሑፉ መሐል የሚገባው ሥዕል ጠልሰም ይባላል። አራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ፊት፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ እንደ መረብ የተጠላለፈ መስመር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ትኩር ብሎ የሚያይ ዓይን ነው። ጠልሰም የሚሠራው ለመታየት ብቻ አይደለም፤ ራሱም ያያል ተብሎ ይታመናል። ርኩስ መንፈስ ያን ዓይን ሲያይ ይሸሻል።

ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ዕድሜውን በዚህ ጥበብ ጥናት ላይ አሳልፏል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የኢትዮጵያ ጠልሰሞች በፓሪስ የቀረቡበት ትልቅ ዐውደ ርዕይም ከዚህ ጥናት የወጣ ነው። እዚያ የታዩት ብራናዎች ለአውሮፓ ተመልካች ከዘመናዊ ረቂቅ ሥዕል ጎን ለጎን ቢሰቀሉ የሚያሳፍሩ አልነበሩም። ለእኛ ግን ሌላም ነገር ያሳያሉ። ሥዕል መልክን መምሰል አለበት የሚለው ሐሳብ በዚህ አገር ብቸኛው ባህል ሆኖ አያውቅም።

የጥንቱን ብራና ከዘመናዊው ሥዕል ጋር ያገናኘው በመጀመሪያ የቤተ ሰብ ክር ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር ሲወለድ አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ ብራና ላይ የሚጽፉና የሚሥሉ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ ከአባቱ እጅ ሥር ወጥቶ ኮሎኝ ተማረ። በ1962 ተመልሶ አለ ፈለገ ሰላም ከጥቂት ዓመታት በፊት በከፈቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥዕሎቹን ለአዲስ አበባ ሕዝብ አሳየ። ክቦችን፣ የቀለም ዝርግታዎችን፣ ስም የሌላቸውን ቅርጾች ያየው ተመልካች ተከፋፈለ። የአውሮፓ ቅጂ ነው ያሉ ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ከጀርመኖች መማሩ እውነት ነው፤ ሊታፈርበት የሚገባ ነገርም አይደለም። ተቺዎቹ ያላስተዋሉት የሥዕሉ እንግዳነት ከቅርጹ ይልቅ ከቁሱ መሆኑን ነበር፤ የዘይት ቀለምና ሸራ ከመርከብ የወረዱ ዕቃዎች ናቸው። ሠዓሊው በስደት ኦክላሆማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 አረፈ። ሥራዎቹ ዛሬ ስድስት ኪሎ በስሙ በተሰየመው ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያሉ።

ቁሱን ወደ አገር ቤት የመለሰው እስክንድር ቦጎስያን ነው። ለንደን ተምሮ፣ ፓሪስ ለዓመታት ኖሮ፣ የኒው ዮርክ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሥዕሉን የገዛው ሠዓሊ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1966 ተመለሰ፤ በዚያው ትምህርት ቤትም አስተማረ። ከሸራው አልፎ ፍየል ቆዳ ላይ ሠራ፤ በኋላም አሜሪካ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ ከዩጋንዳ የሚመጣውን ከዛፍ ልጥ የሚቀጠቀጥ ጨርቅ ተጠቀመ። በቡጋንዳ ይህ ጨርቅ የነገሥታት ልብስና የሙታን መገነዣ ነበር። እስክንድር ልጡን እያጠፈ፣ እየደፈጠጠ፣ ጠልሰም የሚመስሉ ቅርጾች ከውስጡ እንዲነሡ አደረገ። ሥራውን ያየ ሰው ሥዕሉ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከቆዳው ውስጥ የበቀለ ይመስለዋል። ዘሪሁን የትምጌታ ከገብረ ክርስቶስም ከእስክንድርም ተምሯል፤ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ደግሞ በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ያስተማረው ጀርመናዊው ሃንሰን ባይያ አሳይቶታል። እንጨትን በስለት የፈለፈለ እጅ ቀርከሃ ላይ ለመሥራት አይቸገርም።

እስካሁን የተነሡት ሁሉ በእጅ የሚያዙ፣ የሚጠቀለሉ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ነገሮች ናቸው። የዚህ ታሪክ ሰፊው ክፍል ግን ግድግዳው ራሱ ነው።

አዲስ አበባ የጭቃ ከተማ ሆና ነው የተወለደችው። ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ሲሰፍሩ የሠሩት ቤተ መንግሥት ዛሬም ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ ቆሟል። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ በኖራ ነጥቷል። በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት እንዲህ ካለ ቤት ወጥተው ነው። ከዚያ በፊት በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ወደ ፍል ውኃ ሜዳ ወርዳ ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተራራው ጥድና ወይራ ተመንጥሮ አለቀ። እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ምኒልክ መዲናዋን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ያዳናት በ1880ዎቹ መጨረሻ የመጣው የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በቶሎ ያድጋል፣ ከተቆረጠበት ያቆጠቁጣል፣ ግንዱ ቀጥ ያለ ነው። ከየካ እስከ እንጦጦ ያለው ኮረብታ በእርሱ ተሸፈነ። ቅጠሉንና ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የከተማዋን ምጣድ አሞቁ፤ ግንዱ ደግሞ የከተማዋ ቤት ቋሚና ማገር ሆነ።

በዚያ አጥንት ላይ የሚለብሰው ሥጋ ጭቃ ነው። አፈሩ ተቆፍሮ ድንጋዩ ይለቀማል። ውኃ ይጠጣል፤ በእግር ይረገጣል፤ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፤ እንደገና ይረገጣል። ተከምሮ እየተገላበጠ ይቦካል። ጥሩ ባለሙያ የጭቃውን መድረስ በማሽተትና በእጁ በማሸት ያውቃል። መጀመሪያ ማገሩ ይመረጋል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁ በቀጠነ ጭቃ ይሞላል፤ በመጨረሻ በአዛባ ወይም በተነፋ አፈር ይለቀለቃል። ይህ ሙያ ትምህርት ቤት የለውም። ሠፈርተኛው በደቦ ይሠራው ነበር፤ ልጆች ጭቃ እየረገጡ አይተው ይማሩታል።

ኤልያስ ስሜ ይህን ሙያ ወደ ሥነ ጥበብ ያመጣው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተመረቀ። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ሰው የጣለውን ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ ፕላስቲክ ይሰበስብ ነበር፤ በሸራ ላይ በቀለም ፋንታ በመርፌና በክር ሠራ፤ በጭቃና በጭድ ቅርጽ አቆመ፤ ቆዳና ቀንድ ተጠቀመ። ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋና ከዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር በአገሪቱ እየተዘዋወረ ዛሬም ያልጠፉ የጥንት ሥርዓቶችን አይቷል። ሁለቱ በ2002 የዞማ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከልን መሠረቱ። በ2009 በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ሙዚየም ከመቶ በላይ ሥራዎቹ ታዩ፤ በዚያው ዓመት ዳይሬክተሩ ፒተር ሴላርስ በሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ላዘጋጀው የስትራቪንስኪ ሥራ የኤልያስ ዙፋኖች መድረክ ላይ ወጡ።

በዚያን ጊዜ አካባቢ የጀመራቸው የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ ሥራዎች ከሁሉ ይበልጥ አሳውቀውታል። ከተሰበረ ኮምፒውተር የወጡ ሰሌዳዎች፣ የመጻፊያ ቁልፎች፣ በቀለማም ፕላስቲክ የተሸፈኑ የመዳብ ሽቦዎች በጣውላ ላይ ተጠላልፈው ሲያበቁ ከአውሮፕላን የሚታይ እርሻ ወይም ከተማ ይመስላሉ። እነዚህን የተፈጥሮ ቁስ ብሎ መጥራት ያስቸግራል፤ መዳቡ ከመሬት የወጣ መሆኑ ግን አይረሳም። እጁም ያው እጅ ነው፤ ሽቦውን የሚገምደውና የሚያጠላልፈው ጥለት እንደሚሠራ ሰው ነው። በዚህ ሥራው የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2019 ሸልሞታል፤ በ2022 በቬኒስ ቢየናሌ ዋና ዐውደ ርዕይ ቀርቧል።

ከሁሉም በላይ ዘላቂ የሚሆነው ሥራው ግን ሽቦው አይመስለኝም። መካኒሳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ነው። ቆሻሻ የተጣለበትና የተበከለ መሬት ነበር። ኤልያስና መስከረም ከባለ ጭቃዎች ጋር ሆነው ግድግዳዎቹን በእጅ ሠሩ፤ ምርጊቱ ሳይደርቅ በጣት ተፈልፍሎ፣ ተቆልሎ፣ ማዕበልና ቅርፊት የሚመስሉ ረቂቅ ቅርጾች ወጡበት። አንድ ሰው በግድግዳው አጠገብ ሲያልፍ የፀሐዩ አቅጣጫ በተለወጠ ቁጥር ሥዕሉ ይለወጣል። በውስጡ ማሳያ አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የአትክልት ሥፍራ፣ የልጆች ትምህርት ቤትና ላሞች አሉ። ድሃ ቤቱን የሚሠራበት ጭቃ፣ ሰው ገንዘብ ሲያገኝ መጀመሪያ አፍርሶ በብሎኬት የሚተካው ጭቃ፣ ሙዚየም ሆነ። ከዚያም ሁለቱ ባለሙያዎች በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የአትክልት ሥፍራ እንዲሠሩ ተጠሩ።

በየካ በኩልም ተመሳሳይ ሙከራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣት ሠዓሊዎች ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በኤምባሲው አካባቢ ባለው መናፈሻ ውስጥ፣ ነጻ የሥነ ጥበብ መንደርን አቋቋሙ። ምሕረት ከበደ፣ ተስፋሁን ክብሩ፣ ታምራት ገዛኸኝ፣ ሙሉጌታ ገብረ ኪዳን ከነበሩት መካከል ናቸው። ዛፍ ሥር፣ ሜዳ ላይ፣ ከወዳደቀ ነገርና ከእንጨት ሠሩ፤ አላፊ አግዳሚውም ሥራቸውን ያይ ነበር። ሥነ ጥበብን ከአዳራሽ አውጥተው ከተራራው ግርጌ ሕዝብ ጋር ያገናኙት እነዚህ ልጆች ሊመሰገኑ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ የካ ሌላ መልክ ይዛለች። ወደ ጣፎ በሚወስደው አቅጣጫ የእርሻ መሬት በነበረው የካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በረድፍ ተነሥተዋል። ብዙ ሺህ ቤተ ሰቦች ቤት አገኙ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሚያፈስ የቀበሌ ጭቃ ቤት ውስጥ ልጅ ያሳደገ ሰው የኮንክሪቱን ጥቅም ያውቃል። ሆኖም በእነዚያ ሕንፃዎች የሚያድጉ ልጆች ጭቃ ሲቦካ፣ ማገር ሲመታ፣ ቤት ሲለቀለቅ በግቢያቸው አያዩም። ሽመናውም እንደዚያው ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም።

ሌላው የሚያስቆጨው ነገር ቁሱም ባለሙያውም በዚሁ በሰሜን ምሥራቅ መኖራቸው ነው። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው፣ ጣራው ተንዶ ወደ ሰማይ የተከፈተው ዋሻ ሚካኤል ከየካ ኮረብታ ላይ ነው። ባሕር ዛፉ እዚያው ነው፤ የእንጦጦው የጭቃ ቤተ መንግሥትና የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በተራራው ጥግ ጥግ ሲሄዱ ይገኛሉ። ዞማ ግን ከከተማዋ ሌላኛው ጫፍ፣ በደቡብ ምዕራብ ነው። የካ አባዶ ላይ በሕንፃዎቹ መሐል በተተዉት ክፍት ቦታዎች በአንዱ፣ አንድ ባለ ጭቃ፣ አንድ ሸማኔና አንድ ብራና ፋቂ ደመወዝ እየተከፈላቸው ከሠዓሊዎች ጋር የሚያስተምሩበት ጎጆ ቢቆም ወጪው ከአንድ ፎቅ ልስን አይበልጥም። በሩ ላይ የሚጻፈው ዝርዝር ግን ከሠዓሊዎቹ ስም በፊት በእነዚህ በሦስቱ ስም ቢጀምር ደስ ይለኛል።